የተቆረጠው የመሬት ሽቦ

ወንድሜን ያደነቆረው መብረቅ ነው ይላሉ። እኔ የማውቀው ፒንሳ ነው።

ፒንሳው የጉሮሮ ነው። ጉሮሮ የምንለው በድምፁ ምክንያት ነው። መንገድ ተሻግሮ ሰላም ሲልህ ከኋላህ ያለው ሰው ይደነግጣል። ሚስቱ ሳትቀር ጉሮሮ ብላ ነው የምትጠራው። የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር አለው፤ የአማተር ሬዲዮ ክበባችንም ሊቀመንበር ነው። ሌላ ሰው ሊቀመንበር ሆኖ አያውቅም። ምርጫ ሲደረግ እሱ ይናገራል፣ ሌላው ያጨበጭባል።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበርኩ። ምሰሶ ተክያለሁ፣ ሽቦ ዘርግቻለሁ፣ የመሬት ዘንግ ቀብሬአለሁ። ትምህርቴ ጥቂት ነው። ሬዲዮው የታናሽ ወንድሜ ነበር። ወንድሜ ትዳር አልያዘም፤ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ከሥራ ሲመለስ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ያደርግና አይቶት ከማያውቅ የሩቅ አገር ሰው ጋር ይነጋገራል።

“ምን አለህ?” እለዋለሁ።

“እሱ ጋ ዘንቧል።”

“ለዚህ ነው ራትህ የቀዘቀዘው?”

ይስቃል። ደስታው ይህ ነበር፤ ሌላ አልነበረውም።

የአንቴናውን ምሰሶ ያቆምኩለት እኔ ነኝ። ከመሬት ጋር በሽቦ ያያያዝኩትም እኔ ነኝ። ከምሰሶው ሥር የመዳብ ዘንጎች ቀበርኩ፤ ከዘንጎቹ ወደ ሬዲዮው መስመር አመጣሁ። ቤቱ ደግሞ በቆጣሪው በኩል የራሱ ዘንግ ነበረው። ሁለቱን በጠፍጣፋ መዳብ አገናኘኋቸው። ዋናው ሥራ ይህ ነው። መብረቅ በየትም በኩል ቢገባ የቤቱና የሬዲዮው ኃይል አንድ ላይ ይወጣል፣ አንድ ላይ ይወርዳል፤ በመካከላቸው የሚሄድ ነገር አይኖርም። ከተለያዩ ግን እሳቱ ከአንዱ መሬት ወደ ሌላው መሻገሪያ ይፈልጋል። መሻገሪያው ሬዲዮው ነው። ሬዲዮውን የነካ ሰው ደግሞ አብሮ መሻገሪያ ይሆናል።

ጉሮሮ ይህን አይወድም ነበር። የቤት መሬት ቆሻሻ ነው ይላል። የአምፖሉ፣ የማቀዝቀዣው፣ የጎረቤቱ መበየጃ ጩኸት ሁሉ በመሬት ሽቦው ገብቶ ድምፁን ያበላሻል፤ ስለዚህ ለሬዲዮ ለብቻው ንጹሕ መሬት ያስፈልገዋል ይላል። ሬዲዮ ወዳዶች ይህን ስህተት ይወዱታል፤ እውነትም ድምፅ ያጠራላቸዋል። ጉሮሮ በክበቡ ስብሰባ ሁሉ ይሰብከው ነበር።

ያን ጊዜ ገና ሥራ ላይ ነበርኩ። ራቅ ያለ መስመር ልጠግን በሄድኩበት ጉሮሮ ወንድሜን ሊጠይቅ ቤታችን መጣ። ማዳመጫውን ተቀብሎ ሰማ። “እንደ ንብ የሚጮኽ ነገር አለበት” አለ። ወደ ውጭ ወጣና ከግድግዳው ሥር ያሰርኩትን መዳብ አየ።

“ይህን ማን አሰረው?”

“ወንድሜ ነው” አለው ወንድሜ።

“ወንድምህ ስልክ እንጂ ሬዲዮ የት ያውቃል!” አለና ሳቀ። ፒንሳውን ከኪሱ አውጥቶ ቆረጠው።

የንቡ ድምፅ ጠፋ። ወንድሜ ደስ አለው። እኔ ስመለስ አልነገረኝም፤ እንዳልቆጣው ብሎ ነው።

ዝናብ መጣ። ወንድሜ ጥንቁቅ ነው። ነጎድጓድ ከሩቅ ሲሰማ የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ይነቅልና ጫፉን የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጠዋል። የድሮ አማተሮች እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በእኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ያጉረመረመው ከኮረብታው ማዶ ነው። ወንድሜ ገመዱን ነቀለ፤ ማሰሮው ውስጥ አስቀመጠው። ማዳመጫው ገና ጆሮው ላይ እንዳለ ሬዲዮውን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ። በዚያች ቅጽበት መብረቁ ከመንገዱ ታች ያለውን የመብራት ምሰሶ መታ። በመብራቱ መስመር ቤት ገባ፤ አንቴናው ቢነቀልም የመሬቱ መስመር ከሬዲዮው ጋር እንዳለ ነበርና፣ የቤቱን መሬት ትቶ በሬዲዮው በኩል ወደ ሌላው መሬት ተሻገረ።

እኔ ጓሮ ነበርኩ። ስገባ ቤቱ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ወንድሜ ከጠረጴዛው ሥር ወድቋል። ከሁለቱም ጆሮዎቹ ደም ወርዷል። ገመዱ ማሰሮው ውስጥ እንዳለ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወንድሜን ሊያነሣልኝ የደረሰው ጉሮሮም እዚያው ቆሞ ነበር።

ተረፈ። ጆሮዎቹ ግን አልተረፉም። አሁን የሚናገረውን ሰው ከንፈር እያየ ነው የሚረዳው፤ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ይጮኻል።

ሽቦው መቆረጡን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ማን እንደቆረጠው ወንድሜ ያኔ ነገረኝ።

ክበቡ ስብሰባ ጠራ። ጉሮሮ ተነሥቶ ቆመና አፉን ሞልቶ ተናገረ። “ወንድማችን በዝናብ አንቴናውን ሳይነቅል ተቀመጠ። ለሁላችንም ትምህርት ይሁን። የነቀለ ሰው መብረቅ አያገኘውም” አለ። ይህንኑ አስጽፎ በክበቡ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከጎኑ የማይጠፋው ልብስ ሰፊ ደግሞ ቀልደኛ ነው፤ ወንድሜን “ሳይነቅል” ብሎ ሰየመው። ስሙ ተለጠፈበት። ነገሩን የማያውቁ ሰዎች ሁሉ “ጋሽ ሳይነቅል” ይሉታል፤ በአክብሮት። ወንድሜ ከንፈራቸውን ያያል፤ ፈገግ ይላል።

ወደ ጉሮሮ መደብር ሄድኩ።

“ሽቦውን ቆርጠሃል” አልኩት።

“ማን አየ?”

“ወንድሜ።”

“ወዳጄ፣ መብረቅ የመታው ሰው የሚለውን ማን ያምናል?” አለኝ። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ቀስ ብሎ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ወንድሜ ተወው አለኝ። “እሱም ክፉ አስቦ አልቆረጠውም” አለ።

“ውሸቱስ?”

እኔ አልተውኩትም። በሆዴ ያዝኩት። ከዚያ ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ጉሮሮ የእጁን እንዲያገኝ። ጠበቅኩ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጉሮሮ አዲስ ቤት ሠራ። ለሬዲዮ የተለየ ክፍል፣ ከከተማው ሁሉ የሚበልጥ ምሰሶ፣ ከበሩ እስከ ምሰሶው ድረስ ደግሞ ፊት የሚያሳይ ሊሾ እንደሚያስነጥፍ አወራ። አንድ ቀን ልብስ ሰፊውን አስከትሎ ቤቴ መጣ።

“ወዳጄ! ጤናህ እንዴት ነው?”

“አለሁ።”

“ዘንግ የሚቀብርልኝ ሰው አጣሁ። የዛሬ ልጆችን ታውቃቸዋለህ፤ መዶሻ ሲያነሡ ፎቶ ይነሣሉ።”

“ሲያስቀምጡትም ይነሣሉ” አለ ልብስ ሰፊው።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

“መሬቱ እንዴት እንዲሆን ነው የምትፈልገው?” አልኩት።

ልብስ ሰፊው ወደ ጉሮሮ ዞረ። ጉሮሮም አየው። ለዓመታት ለክበቡ ሰዎች ሲሰብክ ኖሯል። የወንድሜ ሽቦ ነገርም በመካከላችን ተቀምጧል። ይያያዝ ቢል፣ ያኔ መቁረጡ ስህተት ነበር ማለቱ ነው።

“እንደምታውቀው ነዋ። የሬዲዮው ለብቻው፣ የቤቱ ለብቻው።”

“ለብቻው?”

“ለብቻው!”

“እሺ” አልኩ።

በሕይወቴ እሺ ስል እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምንም ክፉ ሥራ መሥራት አይጠበቅብኝም፤ መታዘዝ ብቻ ነው። ወንድሜን ያስመታበትን ወጥመድ ለራሱ በአፉ አዝዞ ያሠራል፤ የቀረውን ዝናቡ ይጨርሰዋል። ያን ቀን እንጀራዬን ያለ ወጥ ብበላ አይታወቀኝም ነበር።

ሥራ ጀመርኩ። የምሰሶውን ዘንጎች ቀበርኩ። የቤቱንም ዘንግ በቆጣሪው በኩል ቀበርኩ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሊሾ የሚነጠፍበት ሜዳ ነው። ግንበኛው አሸዋውን ደልድሎ ይጠብቃል። የጉሮሮ ሚስት ውሃ ይዛልኝ ትመጣለች።

“ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ጉድጓድ ለአንድ ሬዲዮ ነው?”

“ለመብረቅ ነው።”

“የሱን ድምፅ የቻለ ቤት መብረቅ ያቅተዋል?” አለች።

እሷን አልጠላትም።

ግንበኛው ሊሾውን ሊያነጥፍ በተዘጋጀበት ሰሞን ጉሮሮ ብቻውን መጣ። በጉድጓዶቹ መካከል ተንጎራደደ። ዘንጎቹን ነካ ነካ አደረገ።

“ጥሩ ሥራ ነው” አለ።

“ይሁን።”

“ምን መሰለህ… አንተ እንግዲህ የቆየህ ሰው ነህ። የሚሻለውን ታውቃለህ።”

“ስለ ምኑ?”

“በአጠቃላይ ነው። አንተ እንደመሰለህ ብታደርገው እኔ ምን እላለሁ?”

ገባኝ። ሰውየው ያውቃል። ከወንድሜ አደጋ ወዲህ ሲያውቅ ኖሯል። የሚፈልገው እኔ ሳልነግረው አያይዤለት፣ እሱም ሳይጠይቀኝ እንዲተርፍ ነው።

መዶሻዬን አስቀመጥኩ።

“በግልጽ ንገረኝ። ላያይዘው?”

አፉን ከፈተ። በዚያው ጊዜ ልብስ ሰፊው በሩን ገፍቶ ገባ፤ “ኧረ ምሰሶው ሰማይ ሊወጋ ነው!” እያለ።

ጉሮሮ ደረቱን ነፋ። “አይ፣ ምን ይያያዛል! ለብቻው ነው ያልኩህ” አለ፤ ጎረቤት እስኪሰማ።

“እሺ” አልኩ።

የመውጫውን በር ከፍቼለት ነበር። አልወጣም። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ምንም አላሰብኩም።

ቤት ስገባ ወንድሜ በር ላይ ጠበቀኝ።

“ጋሼ! ጉሮሮ ጠራኝ!” አለ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ።

ወንድሜ ከደነቆረ በኋላ አንድ ነገር አግኝቶ ነበር። ወጥ ቤት ያለችውን አሮጌ ሬዲዮዬን ድምፅ ማውጫ በጣቱ ሲነካ በሬዲዮ ፊደል የሚላክበት የሞርስ ምት ይታወቀዋል። አጭሩን ከረጅሙ ይለያል። ጣቱን ያስቀምጥና ፊደሉን በአፉ ይላል። እኔ እየሰማሁ አረጋግጬለታለሁ፤ አይስትም። ጉሮሮ ይህን ሰማ። አዲሱ ጣቢያ ሲመረቅ ሊያሳየው ፈለገ፤ በጣቱ የሚያዳምጥ ሰው እኛ ጋ አለ ሊል። ከምርቃቱም በኋላ በየቀኑ ከሰዓት መጥቶ እንዲቀመጥ ፈቀደለት። የወንድሜ ሬዲዮ በመብረቁ ተቃጥሎ ከቀረ ወዲህ ሌላ የመነጋገሪያ ሬዲዮ አልነበረውም።

“እዚያ አትቀመጥም” አልኩት፤ ከንፈሬን እንዲያየው ቀስ ብዬ።

“ለምን?”

“ብያለሁ።”

ወንድሜ ተቆጥቶኝ አያውቅም።

“እሱ ጆሮዬን ወሰደ። አንተ ደግሞ ጣቴን ልትወስድ ነው?” አለኝ። ያን ጊዜ አልጮኸም።

ምክንያቱን ብነግረው ወዲያው ሄዶ ለጉሮሮ ይነግረዋል፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

በማግስቱ ግንበኛው ምሳ ሊበላ ሲወጣ፣ ጉሮሮም መደብሩ ሳለ፣ ቤት ያለኝን ወፍራሙን ጠፍጣፋ መዳብ ተሸክሜ መጣሁ። ከምሰሶው ዘንግ እስከ ቤቱ ዘንግ ቦይ ቆፈርኩ። መዳቡን ዘረጋሁ። መብረቅ ጠባብ ማዕዘን አይወድም፤ ስለዚህ ሳላጥፈው፣ ሰፋ ባለ ዙር ወሰድኩት። ማሰሪያዎቹን በቁልፍ አጠበቅኩ። እንደገና አጠበቅኩ። አፈሩን መለስኩና በእግሬ ደለደልኩት። በከተማው ውስጥ የማውቀውን ምርጥ መሬት ለጠላቴ ሠራሁለት።

ግንበኛው ተመልሶ ሊሾውን አነጠፈ። አንጸባረቀ። የሠራሁትን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። መዳቡ እንዳለ ካላወቀ ለጉሮሮ የለም ማለት ነው።

የምርቃቱ ቀን የክበቡ ሰው ሁሉ መጣ። ክፍሉ ጠበበ። ጉሮሮ ከሬዲዮው ፊት በትልቁ ወንበር ተቀምጦ ማዳመጫውን አድርጓል። ወንድሜ ከጎኑ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ልብስ ሰፊው እንግዶቹን ያስተዋውቃል፤ “ይህ ጋሽ ሳይነቅል ነው፣ ዛሬ በጣቱ ያሳየናል” ይላል። እኔ ከበሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜአለሁ።

ጉሮሮ እየተናገረ ሳለ ክፍሉ ጨለም አለ። ነጎድጓድ ከሩቅ አጉረመረመ። ጉሮሮ ወዲያው የአንቴናውን ገመድ ነቀለ። ማዳመጫውን ወረወረ። ሊነሣ ብድግ አለ።

“ወዴት ነው?” አልኩት።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በክበቡ ውስጥ ድምፄ ተሰምቶ አያውቅም።

“ዝናብ መጣ እኮ!”

“ነቅለሃል። የነቀለ ሰው መብረቅ አያገኘውም ብለህ የለም? ግድግዳ ላይ ሰቅለኸዋል። ተቀመጥ።”

አንዳንዱ ሳቀ። ጉሮሮም ሊስቅ ሞከረ። ተቀመጠ፤ ግን ከወንበሩ ጫፍ ላይ ነው፤ እጆቹን ጭኖቹ መካከል ከቷል።

“ሬዲዮው እንደበራ ነው። አጥፋው” አልኩት።

እጁን ዘረጋ። ነጎድጓዱ ደገመ፤ አሁን ቀርቧል። እጁን መለሰ።

“ምነው?” አለ ልብስ ሰፊው። “ጉሮሮ፣ አጥፋው እንጂ።”

“አንተ አጥፋው!”

“እኔ ምን አገባኝ፣ እኔ መርፌ ነው የማውቀው።”

“አጥፋው” አልኩት ደግሜ። “ወንድሜ እጁን የዘረጋው ለዚሁ ነበር። እሱ አልነቀለም አልክ። አንተ ነቅለሃል። ምን ያስፈራሃል?”

ላብ በግንባሩ ወረደ። መስኮቱ ቦግ አለ። ጉሮሮ ከወንበሩ ተነሥቶ ከግድግዳው ተለጠፈ፤ ወንበሩ ተገለበጠ።

“ለብቻው ነው!” አለ።

“ምኑ?”

“መሬቱ! መሬቱ ለብቻው ነው!”

“ማን አዘዘ?”

“እኔ…”

“የወንድሜንስ ማን ለየው?”

ነጎድጓዱ የመስኮቱን መስታወት አንቀጠቀጠው።

“እኔ ነኝ!” አለ ጉሮሮ። ያ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። “እኔ ነኝ የቆረጥኩት! እሱ ነቅሎ ነበር! ገመዱ ማሰሮ ውስጥ ነበር፤ እኔም አይቻለሁ! አሁን ይህን ነገር አንድ ሰው ያጥፋልኝ!”

ማንም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። ሬዲዮውን አጠፋሁ፣ ሶኬቱን ነቀልኩ። ሳልፈራ ለምን እንደነካሁት የሚያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም።

“ምን አለ?” ሲል ጮኸ ወንድሜ። “ምንድን ነው ያለው?” ጉሮሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስለነበር ከንፈሩን አላየም።

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልብስ ሰፊው ወንድሜ ፊት መጥቶ ቆመ። ቀልዱ ጠፍቶበታል። አፉን እያሰፋ ቀስ ብሎ፦

“ነቅለህ ነበር” አለው።

“እሱንማ እኔም አውቃለሁ!” አለ ወንድሜ።

ሰዉ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። ጉሮሮ ብቻ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም፤ አንጀቴ ግን ራሰ።

መብረቁ አልመጣም። ደመናው በሌላ በኩል አለፈ።

ነገሩ እዚያ ቢቆም ብዙ ሰው ይበቃዋል ይል ነበር። ለእኔ አልበቃኝም። ጉሮሮ ልብስ ሰፊውን ላከብኝ።

“በእውነት ለይተኸዋል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብሎኛል” አለ።

“ሥራዬ ከሊሾው ሥር ነው” አልኩት።

“እሱማ ነው። ግን ምን ልበለው?”

“ይህንኑ።”

ጉሮሮ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሽቦ መገናኘቱን የሚለካ ቴስተር አያጣም። ሁለቱን ዘንጎች ለካ። ቴስተሩ ሁለቱ ተያይዘዋል አለው። ልብስ ሰፊው ነው ይህን የነገረኝ። ይህ ደግሞ አባሰበት። ቴስተር ወፍራሙን መዳብ ከቀጭኑ ሽቦ አይለይም፤ ፀጉር የምታህል ሽቦ ብትኖርም ተያይዟል ይላል። መብረቅ ሲመጣ ግን ፀጉሯ በንና ትጠፋለች፣ ሰውየው ይቀራል። ጉሮሮ እኔን ያውቀኛል፤ ፀጉሯን ለይምሰል አስገብቶልኛል ብሎ አሰበ። ሌላ ሠራተኛ አምጥቶ በላይ በኩል አዲስ መዳብ ቢያስዘረጋም ከሥር ያለውን ሳያይ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ ምን እንደቀበርኩበት ማየት አለበት።

አንድ ጠዋት ከጉሮሮ ግቢ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ጉሮሮ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ በትልቁ መዶሻ ሊሾውን ይመታል። ሚስቱ ራሷን ይዛ ቆማለች።

“አብደሃል! ከተነጠፈ ወር ሳይሞላው! ኧረ ያዙልኝ!” ትላለች።

በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ከጎኔ ቆመ። ጉሮሮ አየን፤ መምታቱን ግን አላቆመም። ከምሰሶው ጀምሮ ሰበረ። ሊሾው ጠንካራ ነው፤ ግንበኛው ጥሩ ባለሙያ ነው። ሰበረ፣ በዲጂኖ ፈነቀለ፣ ተንበርክኮ በእጁ ጠረገ። ፀሐዩ ጠነከረ። አንዲት ቃል ብናገር ይተው ነበር። ቃሏ አፌ ውስጥ ነበረች። አልተናገርኩም። ደስ እያለኝ አየሁት።

ከቀትር በፊት መዳቡን አገኘው።

መጀመሪያ ጫፉን አየ። አፈሩን ጠረገ። ወፍራም ነው። እየጠረገ ተከተለው፤ ዙሩን አየ፣ ማሰሪያውን አየ፣ ብሎኑን በጣቱ ሊያነቃንቀው ሞከረ። አልተነቃነቀም። አቧራው ላይ ቁጭ አለ።

“ይህ መቼ ነው የታሰረው?” አለ።

“ሊሾው ሳይነጠፍ።”

“በምርቃቱ ቀን ነበር?”

“ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?”

“ለብቻው ነው ያልከኝ።”

ሚስቱ የተሰባበረውን ሊሾ አየች፣ መዳቡን አየች፣ እኔን አየች። “ጋሼ፣ ክፉ ነህ” አለችኝ። ልክ ናት።

“አመሰግናለሁ” አለ ጉሮሮ፤ ሊሰማ በማይችል ድምፅ።

“ለአንተ ብዬ አይደለም።”

ወንድሜ የሁላችንንም ከንፈር ሲከተል ቆይቶ ነበር። ወደ እኔ ዞረ።

“ጋሼ፣ መጀመሪያ ልትለየው ነበር? እኔ እዚህ እቀመጣለሁ ባልል ኖሮ?”

“አዎ።”

“ከዚያ ለእኔ ብለህ አያያዝከው።”

“መዳቡ ለአንተ ነው። ሊሾው ለእኔ ነው።”

ቅር እንዳለው አውቃለሁ። እስከ ዛሬም ቅር እንዳለው ነው። እኔ ግን አልጸጸትም፤ ለመጸጸት ብዬም አልጻፍኩትም።

ጉሮሮ ግንበኛውን አስጠርቶ ጉድጓዱን ሊያስደፍን ነበር። ግንበኛው ሲሚንቶውን እያቦካ ደረስኩ።

“አትድፈነው” አልኩት ጉሮሮን። “ሰው ይየው።”

“ግቢዬ እኮ ነው።”

“ግቢህ ነው።”

ጉሮሮ ግንበኛውን አሰናበተው። ለምን እንደታዘዘኝ አልጠየቅሁትም።

በክበቡ ግድግዳ ላይ የነበረው ጽሑፍ ወረደ። ሳይነቅል የሚል ስም ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ጉሮሮ አሁንም ሊቀመንበር ነው፤ ግን አዲስ አባል በመጣ ቁጥር “መሬቱ እንዴት ነው የሚሆነው?” ብሎ ይጠይቀዋል፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ ልጁን ክንዱን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ይወስደዋል። ጉሮሮ እነሱ እስኪመለሱ ከቤቱ አይወጣም።

ወንድሜ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጉድጓዱን ተራምዶ ይገባል፤ ጣቱን ድምፅ ማውጫው ላይ ያስቀምጣል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሁሉንም ነቅሎ ቤት ይመጣል፤ መዳብ ቢኖርም በነጎድጓድ አይቀመጥም፣ ይህን አስምዬዋለሁ። ሰሞኑን ዝናቡ በርትቷል፤ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቷል። የጉሮሮ ሚስት ይሸተኛል እያለች ታማርራለች። ለመሬት ዘንግ ግን እርጥበት ጥሩ ነው።